ከወሎ ለሚያመለክት ተመራማሪ፦ የኢቢ-1ኤ ማስረጃ አዘገጃጀት
ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሆኖ የሚመራመር ሰው በዘርፉ ልዩ ችሎታ ላለው ሰው የአሜሪካ ቋሚ መኖሪያ (ግሪን ካርድ) ለሚያስገኘው ኢቢ-1ኤ ቀጣሪ አያስፈልገውም፤ አይ-140 የተባለውን የማመልከቻ ቅጽ ራሱ ማስገባት ይችላል። ትልቅ ዓለም አቀፍ ሽልማት ከሌለው ከ10 መመዘኛዎች ቢያንስ 3 ማሟላት አለበት፤ ከዚያም ማስረጃው በጠቅላላው ይመዘናል። ለሳይንስ ሰው የሚቀርቡት የታተሙ ጽሑፎች፣ የሌሎችን ሥራ መገምገምና ለዘርፉ ትልቅ ትርጉም ያለው አስተዋጽኦ ናቸው። የግምገማ ግብዣ ብቻ አይበቃም፤ ገምግመው መጨረስዎን የሚያሳይ የጆርናሉን ኢሜይል ያያይዙ።

ከባዱ አስተዋጽኦውን ማስረዳት ነው። ሥራዎ በሌሎች ጽሑፎች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ ቁጥር መደርደር አያዋጣም። የሰሜን ወሎን ድርቅ ካጠኑ፣ ሌላ ተመራማሪ ዘዴዎን በየትኛው ገጽ፣ ለምን እንደተጠቀመበት አስምረው ያሳዩ። የድጋፍ ደብዳቤ ከአማካሪዎ ብቻ ሳይሆን አብሮዎት ሠርቶ ከማያውቅ ባለሙያም ይሁን፤ ቃል በቃል የሚመሳሰሉ ደብዳቤዎች እምነት ያሳጣሉ።

የእኛ አገር ወጥመድ ስምና ቀን ነው። በአንዱ ጽሑፍ የአባት፣ በሌላው የአያት ስም ከወጣ ሁሉንም ከፓስፖርቱ ጋር የሚያገናኝ ሰንጠረዥ ይሥሩ። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ዓመት በ7 ወይም በ8 ስለሚለይ ትርጉሙ ላይ ሁለቱም ይስፈሩ። የአማርኛ ሰነድ ሁሉ ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም ይፈልጋል፤ ተርጓሚውም ችሎታውንና የትርጉሙን ትክክለኛነት በፊርማው ያረጋግጥ።