ምጣዱ አልሰማ ሲል፦ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ቁጥር ለኩ

የከተራ ዋዜማ ነበር። ጎንደር እንግዳ ሞልቷታል። ማራኪ በተከራየሁበት ግቢ ሦስት ቤት በአንድ ጊዜ እንጀራ ይጋግራል። የአከራያችን የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን አልሰማ አለ። ሊጡ ይፈሳል፣ አክንባሎው ይገጠማል፤ ሲከፈት እንጀራው ዐይን የለውም፣ ገርጥቶ ተለጥፏል። «እትዬ፣ ይሄ አርጅቷል፤ ሌላ ይገዛ» አልናቸው። ቅዳሜ ገበያ ልንወርድ ስንል ቴስተር (ቮልትና ኦም የሚለካ መሣሪያ) ያለው ጎረቤት መጣ። ለካ ምጣዱ ምንም አልሆነም።

የምጣድ በሽታ በቮልትና በአምፔር ይታወቃል፤ ቮልት የኤሌክትሪኩ ግፊት፣ አምፔር ደግሞ በሽቦው የሚያልፈው መጠን ነው። ቮልቱን ለአምፔሩ ስታካፍሉት የምጣዱ ማሞቂያ ሽቦ ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪኩን የሚገታበት መጠን) በኦም ይወጣል። ሁለቱን ስታባዟቸው ደግሞ ኃይሉ በዋት ይወጣል። ጤነኛ የ3500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ 220 ለ16 ሲካፈል ወደ 14 ኦም ነው። ይቺን 14 ያዙልኝ።

አምፔሩ እንዴት ይለካል?

ብዙ ሰው ቴስተር የሚያቃጥለው እዚህ ላይ ነው። ተራ ቴስተር አብዛኛውን ጊዜ ከ10 አምፔር በላይ አይችልም። አምፔር ላይ አድርጋችሁ ሶኬት ውስጥ ከከተታችሁት ደግሞ ሾርት ነው፤ እንዳታስቡት። ሽቦውን ከውጭ የሚያቅፈው ክላምፕ ሜትር ይሻላል። እሱም ዜሮ ካሳያችሁ ሁለቱን ሽቦ አንድ ላይ አቅፋችኋል ማለት ነው፤ የሚሄደውና የሚመለሰው ይጣፋሉ። አንዱን ብቻ ይቀፍ።

ክላምፕ ከሌለ ቆጣሪው አለ። ዲጂታል ቆጣሪ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት አለች። አጠገቧ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ተጽፏል፤ የእኛው ላይ 1600 ይላል። ከምጣዱ በቀር ሁሉን አጠፋንና ለአንድ ደቂቃ ቆጠርን፦ 57። 57 በ60 ተባዝቶ ለ1600 ሲካፈል 2.14 ኪሎዋት ይሆናል። ሶኬቱ ላይ ቮልቱ 172 ነበር። 2140 ለ172 ሲካፈል 12.4 አምፔር፤ 172 ለ12.4 ሲካፈል ደግሞ 13.9 ኦም። ሽቦው ጤነኛ ነው! የታመመው ቮልቱ ነው።

ቮልቱ ዝቅ ብሏል፣ ኦሙ ግን 14 ነው

ቮልቱ በአምስት አንድ እጅ ገደማ ሲወርድ ኃይሉ በአምስት አንድ ብቻ አይቀንስም። ቮልቱ ሲያንስ አምፔሩም አብሮት ያንሳል፤ ስለዚህ ኃይሉ በቮልቱ ስኩዌር ልክ ይወርዳል። ከ3500 ዋት 2140 ብቻ የቀረን ለዚህ ነው። እንጀራውም የገረጣው ለዚሁ ነው።

ቀጥሎ ምጣዱን ነቅላችሁ ቮልቱን እንደገና ለኩ። ሳይሰካም 170ዎቹ ውስጥ ከሆነ ችግሩ ከቤታችሁ ውጭ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እየጋገረ ነው። ሳይሰካ 215 ሆኖ ሲሰካ ወደ 172 የሚወድቅ ከሆነ ግን ወደ ቤታችሁ የሚገባው መስመር ላይ የላላ ወይም የቀጠነ ነገር አለና ባለሙያ ጥሩ። እትዬ በማግስቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተው ጋገሩ፤ ዐይኑ ጢም ያለ እንጀራ ወጣ። ስታቢላይዘር ግዙ የሚላችሁን አትስሙ። ለምጣድ የሚበቃው ውድ ነው፤ ከደከመው መስመር ላይም ተጨማሪ አምፔር ይስባል።

ቮልቱ ደህና ነው፣ ኦሙ እጥፍ ሆኗል

ለምሳሌ 215 ቮልት፣ 7.8 አምፔር፤ ወደ 28 ኦም ማለት ነው። ሁለት ጥቅል ሽቦ ጎን ለጎን የተገጠመለት ምጣድ ከሆነ አንዱ ተበጥሷል። ግማሹ ሲበስል ግማሹ ጥሬ ይቀራል። የተበጠሰው ይቀየር። ባለ አንድ ጥቅል ከሆነ ግን ሲበጠስ ጭራሽ አይሞቅም።

ብሬከሩ ይወድቃል፣ ኦሙ አንሷል

የዚህ ምክንያት ብዙ ጊዜ «ጥገና» ነው። የተበጠሰውን ሽቦ ቆርጠው፣ አሳጥረው ይቀጥሉታል። 14 የነበረው 10 ኦም ሲሆን 22 አምፔር ይስባል፤ 4840 ዋት። ምጣዱ በጣም ስለሚግል ባለቤቱ ደስ ይለዋል፣ ባለ 20 አምፔር ብሬከሩ ግን ቆይቶ ሊወድቅ ይችላል። ብሬከሩን በትልቅ መቀየር መፍትሄ አይደለም፤ ያኔ የሚነደው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። ትክክለኛውን ጥቅል አስገጥሙ።

ስፒናው ይግላል፣ የላስቲክ ሽታ አለ

እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ምጣዱ እየሠራ የሶኬቱ መግቢያ ላይ 214፣ ከስፒናው ወዲህ፣ በምጣዱ በኩል 206 ቮልት አለ እንበል። 8 ቮልት መሃል ላይ ጠፋ። በ15 አምፔር ስታባዙት 120 ዋት ነው፤ የድሮ ባለ 100 ዋት አምፖል ስፒናው ውስጥ እንደበራ ቁጠሩት። ሬዚስታንሱ ግማሽ ኦም ብቻ ነው፤ ተራ ቴስተር እንዲህ ያለችውን ትንሽ ቁጥር በደንብ አይለይም። ብሬከሩም አይረዳችሁም፤ አምፔሩ አልጨመረማ! ይህን ልኬት ባለሙያ ያድርገው። እናንተ ግን ስፒናው ሲግል ካገኛችሁት ወዲያው ንቀሉ፤ ስፒናውም ሶኬቱም አብረው ይቀየሩ። ምጣድን ደግሞ በዲቫይደር አትሰኩ።

ይህ ሒሳብ ለፍሪጅ አይሠራም፤ ሞተር አለው። የድሮ አምፖልም ሲቀዘቅዝ የሚያሳየው ኦም ሲበራ ካለው ከአሥር አንድ እጅ እንኳ ላይሞላ ይችላል። የምጣድ ሽቦ ግን ሲግልም ብዙ አይለወጥም። ስለዚህ ነቅላችሁ ስፒናው ላይ በቴስተር ኦሙን ብቻ ብትለኩም ሽቦው ጤነኛ መሆኑን ታውቃላችሁ። ነቅላችሁ፣ አደራ።