ጎርፍ ለመታው ቀበሌ ምን እናድርግ? ከልብሱ በፊት ወፍጮ ቤቱን

ክረምት ላይ ግልገል አባይ ሞልቶ ጣና ሊገባ ሲል ያለውን ሜዳ ሲያጥለቀልቅ ባህር ዳርም አዲስ አበባም ያለነው የጎጃም ልጆች መጀመሪያ የሚታየን ልብስ መሰብሰብ ነው፣ አይሱዙ ሞልተን እንልካለን፣ ፎቶ ተነስተን እንመለሳለን። ክፋት የለውም፣ ብርድ ልብስ ያስፈልጋል። ግን ሰዉ መልሶ የሚቋቋመው ወፍጮው መፍጨት ሲጀምር፣ ሱቁ ሲከፈት፣ አረቄ የምታወጣዋ እትዬ ድፍድፏን መልሳ ስትጥድ ነው። የምታዋጡት ብር እዛ ላይ ይዋል ባይ ነኝ።

ውሃው እንደሸሸ ሁሉም አካፋ ይዞ ጭቃ ሊጠርግ ይሮጣል፣ ትንሽ ታገሱ። መጀመሪያ በስልክ ፎቶ ይነሳ፦ ግድግዳው ላይ ውሃው የደረሰበት መስመር፣ የራሰው ጎተራ፣ የሞተው ከብት። ከዛ የእድሩ ዳኛና ሁለት ሽማግሌ ባሉበት የጠፋው ሁሉ ይጻፍ፣ አንዱ ኮፒ ቀበሌ አንዱ እድሩ ጋ ይቀመጥ። ምዝገባ ላይ ማሳና ከብት አይረሳም፣ የንግድ ዕቃ ግን በቀላሉ ይዘለላል፣ በተለይ ፈቃድ የሌላቸው ጠላና አረቄ ሻጭ ሴቶች። ስማቸውንና የጠፋባቸውን ጌሾና ብቅል ሳይቀር እናንተ አስጽፉ።

ባለሱቁ ደሞ ከስኳሩ በፊት የዱቤ ደብተሩን ያውጣ። የመንደሩ ብድር እዛ ውስጥ ነው። የተጣበቀውን ገጽ በግድ አትላቅቁት ይቀደዳል፣ ጥላ ውስጥ ገለጥ አድርጎ በየመሃሉ ሶፍት እየከተቱ ማድረቅ፣ ጽሁፉ ሳይጠፋም እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ ማንሳት። የጠጠረ ሲሚንቶ አለቀለት፣ ጎርፍ የነካው ስኳርና ዱቄትም ይጣል፣ አድርቆ መሸጥ የለም።

አሁን ወፍጮው። እዚ ላይ ቆም እንበል ምክንያቱም ብዙ ብር በችኮላ የሚቃጠለው እዚ ነው። የእርዳታ ስንዴ ቢመጣ እንኳ ወፍጮ ከሌለ እናቶች በዛ ጭቃ አህያ ጭነው ሌላ ቀበሌ ሊሄዱ ነው፣ ባለወፍጮውም ሰው ተሰልፎ ሲያይ «ደርቋል፣ እስቲ እንሞክረው» ይላል። በፍጹም! የኤሌክትሪክ ከሆነ መብራት ቢመጣም ተቋርጦ ይቆይ፣ ውሃ የገባበትን ቆጣሪና ማብሪያ ራሳችሁ አትንኩ፣ የመብራት ኃይል ሰው ይምጣ። ዲናሞው ተፈቶ ጭቃው በንጹህ ውሃ ይታጠብ፣ ኩሽኔታው ይቀየር፣ ከዛ በደንብ ይድረቅ። ላዩ ደረቀ ማለት ውስጥ ያለው ጥቅልል ሽቦ ደረቀ ማለት አይደለም፣ ባለሙያ በሜገር (ሽቦው መብራት እንደማያሾልክ በሚለካው መሣሪያ) ለክቶ እሺ ሲል ብቻ ነው የሚበራው፣ አለበለዚያ ይቃጠላል፣ ዲናሞ ማስጠቅለል ደሞ ስንት እንደሚያወጣ ታውቁታላችሁ። በናፍጣ የሚሰራ ከሆነ ኖዝሉ (ነዳጅ የሚረጨው) ሳይወጣ ሞተሩን እንዳታዞሩት፣ ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ካለ ውሃ አይታመቅምና ቢየላውን (ፒስተኑን የሚይዘውን ዘንግ) ያጎብጠዋል። ኖዝሉን አውጥቶ በእጅ ቀስ እያደረጉ አዙሮ ውሃውን ማስወጣት፣ ዘይቱን አፍስሶ ፊልትሮውን መቀየር፣ ነዳጅ ጋኑንም ማጠብ። ድንጋዩ ታጥቦ ሲደርቅ መጀመሪያ የሚፈጨው ጥቂት ኪሎ ይደፋ።

ለጥገናው ያዋጣችሁትን ብር በስጦታ ከመስጠት እድሩ ቢያበድረው ይሻላል፣ ባለወፍጮው አቅም ለሌላቸው ቤቶች በነጻ እየፈጨ ይመልሳል። ለእነማን፣ ለስንት ወር የሚለው ተጽፎ ይፈረም፣ በቃል ብቻ ከቀረ ጥል ነው የሚያመጣው።

የራሰ እህል ሌላው ችግር ነው፣ ሻጋታ ቀን አይሰጥም። ፀሐይ ብቅ ስትል ሸራ ላይ በስሱ ዘርግቶ ማገላበጥ፣ ባዶ መሬት ላይ ግን አይሆንም። በቆሎ መድረቁን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ፦ ደረቅ ብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ አንድ እፍኝ በቆሎና ትንሽ ደረቅ ጨው ጨምሮ ደጋግሞ መነቅነቅ፣ ከዛ ትንሽ ማቆየት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ ገና እርጥብ ነው፣ ወደ ጎተራ አይገባም። የሻገተውን «ለአረቄ ይሆናል» የሚል ሰው አይጠፋም፣ አይሆንም፣ አተላውን ላም ትጠጣዋለች፣ የሻጋታው መርዝ ደሞ በወተቷ ተመልሶ ልጆች ጋ ይደርሳል። የጎርፍ ውሃ ያደረበት ጋንና እንስራም ሸክላው ስለሚመጥ ምንም ያህል ቢታጠን ለመጠጥ አልመክርም።

ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ። እንደ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ከ2000 ሜትር በላይ ያለ አገር ውሃ ቶሎ ነው የሚንተከተከው፣ ሙቀቱ ግን ያንሳል፣ ስለዚ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዛ በታች ባለ አገር 1 ደቂቃ ይበቃል። ጉድጓዱን በክሎሪን ለማከም የጤና ኤክስቴንሽኗን ጥሩ፣ መጠኑን በግምት አታድርጉት። ከመስከረም ጀምሮ ወባ ስለሚበረታ አጎበር ካሁኑ ይታሰብ። ሰምጦ የሞተ ከብት ይቀበር፣ ሥጋው አይበላም፣ ለተረፉት ደሞ የአባ ሰንጋ ክትባት እንዲመጣ የወረዳውን እንስሳት ሐኪም ወጥራችሁ ያዙት።

ማሳው ላይ፣ ዋልካ ገና ጭቃ እያለ በሬ አይግባ፣ መሬቱ ተረግጦ ይጠጥራል። ነሐሴ መጀመሪያ አካባቢ ከሆነ ቶሎ የሚደርስ ጤፍ መልሶ መዝራት ይሞከራል፣ ካለፈ ግን ውሃው እስኪሸሽ ጠብቆ መስከረም ላይ በቀሪው እርጥበት ሽምብራ ወይ ጓያ ነው። ጓያ ጠንካራ ነው፣ ረግረጉንም ድርቁንም ይችላል፣ ግን ለወራት እሱን ብቻ መብላት እግር ያሽመደምዳል፣ ከሌላ እህል ጋር ይቀላቀል፣ በተለይ ለልጆች ይታሰብበት። ዘሩን ከአዲስ አበባ ጭናችሁ አትምጡ፣ ጎርፍ ካልነካው ጎረቤት ቀበሌ ገበሬ ወይ ከአካባቢው የገበሬዎች ዩኒየን ግዙ፣ ብሩም እዛው ይቀራል።

ብድር ያለበት ሰው ከጸደይ ባንክም (አብቁተ የምንለው የነበረው) ይሁን ከሌላ፣ መክፈያው ቀን ሳያልፍ ያንን መጀመሪያ ያስጻፋችሁትን የጠፋ ንብረት ዝርዝርና ፎቶ ይዞ ሄዶ ማራዘሚያ ይጠይቅ። ብቻውን ከሚሄድ ደሞ ብድር ያለባቸው ሁሉ ተሰብስበው፣ ከእድሩ ዳኛ ጋር ቢሄዱ ይሻላል።