በጅማ መሠረት ሲቆፈር ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በጅማ አሮጌ ቤት ፈርሶ ፎቅ ሊሠራ መሠረት ሲቆፈር፣ ከዚያ በፊት በቦታው ስለኖሩት ሰዎች ለማወቅ የሚገኘው ዕድል ያ ብቻ ነው። በኮንክሪት ከተሞላ በኋላ መመለስ አይቻልም።

አንዱ ስህተት ታሪክ ያለው የጅሬን ኮረብታ ብቻ ነው፣ ከተማዋን የቆረቆረው ጣሊያን ነው ብሎ ማሰብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከኮረብታው ላይ ቢሆንም፣ የሲራራ ነጋዴው ከሩቅ አገር መጥቶ የሚገበያየው ከታች፣ በሂርማታ ገበያ ነበር። ገበያ ደግሞ ግንብ አይተውም፤ የተረገጠ አፈር፣ አመድና የሸክላ ስባሪ እንጂ።

ስለዚህም «ድንጋይ ካልወጣ ምንም የለም» ማለት ከሁሉ የከፋው ስህተት ይመስለኛል። የአካባቢው ቤት የሚሠራው በእንጨት ስለነበር፣ ምሰሶው በስብሶ ሲያልቅ ጉድጓዱን የሚሞላው አፈር ከዙሪያው ቀይ አፈር ጠቆርና ለስለስ ያለ ይሆናል። መሬቱ በአካፋ ጠርዝ በስሱ ሲፋቅ እነዚህ ጥቋቁር ክቦች ተከታትለው የጎጆውን ዙሪያ ያሳያሉ፤ ማሽን ግን በአንድ ዛቅታ ያጠፋቸዋል። የጅማ አፈር አሲዳማ ስለሆነ አጥንትን ይበላል፤ አጥንት አለመገኘቱም ሰው አለመኖሩን አያሳይም።

የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ባለበት የድሮ ገንዘብ፣ በማርትሬዛ ብር ላይ የተጻፈውን ዓመት የቦታው ዕድሜ አድርጎ መውሰድም ያሳስታል። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞቱ በኋላም ብሩ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ብዙ ዘመን ሲመታ ኖሯል። ስለዚህ ዕድሜውን ለመገመት ብሩ ከአመዱ በላይ ይሁን በታች፣ ከምን ዓይነት ሸክላ ጋር እንደተገኘ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ተነሥቶ ኪስ ከገባ ይህ ሁሉ ይጠፋል።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረውን የጣሊያን ዘመን ፍርስራሽ እንደ ቆሻሻ ጠርጎ መጣልም ተገቢ አይደለም፤ እሱም የከተማዋ ታሪክ አካል ነውና።

በመጨረሻም ሥራ ይቆምብኛል በሚል ፍርሃት ዝም ማለት አለ። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግንባታ ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለቅርስ ባለሥልጣን እንዲያሳውቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው እንዲጠብቀው ያስገድዳል። እስከዚያው ዕቃውን ሳያነሡ፣ መጠኑ እንዲታወቅ ሜትር አጠገቡ አድርጎ ፎቶ ማንሣት፣ የጅማ ዝናብም የጉድጓዱን ግድግዳ እንዳይንደው በሸራ መሸፈን ይገባል።