በቆሻሻ መድፊያ ዙሪያ አቧራንና አስቤስቶስን መለካት

እንደ አዲስ አበባው ቆሼ ከተማ ዙሪያውን በከበበው መድፊያ፣ ከክምሩ የሚነሳው አቧራ ከሠራተኛው አልፎ ጎረቤት ግቢ ይገባል። ከፈረሱ ቤቶች የተጫነ ፍርስራሽ በሚደፋበት ቦታ ደግሞ ከአቧራው ጋር የአስቤስቶስ፣ ማለትም በአሮጌ የግንባታ ዕቃ ውስጥ የሚገኝና ሲተነፍሱት ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን፣ ክር ሊኖር ይችላል። ሁለቱ በአንድ መሣሪያ አይለኩም። አደገኛዎቹ ክሮች በክብደት ኢምንት ስለሆኑ፣ የአቧራ መለኪያው ዝቅተኛ ቁጥር ስላሳየ ብቻ አየሩ ከአስቤስቶስ ነጻ ነው ማለት ፈጽሞ አይቻልም።

ሥራው የሚጀምረው መኪኖቹ የሚያራግፉትን በማየት ነው። አሮጌ ኤተርኒት፣ ማለትም ከሲሚንቶና ከአስቤስቶስ የተሠራ የቤት ክዳን፣ ግራጫ ነው፤ ከቆርቆሮ ይወፍራል፤ የተሰበረው ጠርዙ ላይ እንደ ጥጥ ፀጉር የሳሱ ክሮች ብቅ ብለው ይታያሉ። ይሁንና አስቤስቶስ የሌለባቸው ተመሳሳይ ክዳኖችም ስላሉ ዓይን ብቻውን አይፈርድም። ስብርባሪው በውኃ ርሶ፣ ትንሽ ቁራጭ በሁለት ፕላስቲክ ታሽጎ ወደ ላቦራቶሪ ይላክ፤ ለናሙና ተብሎ በደረቁ መሰባበር ግን የለበትም።

የመለኪያ ቦታ የሚመረጠው በነፋስ ነው። ቢያንስ አንድ መሣሪያ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን፣ ሌላው ነፋሱ ወደሚሄድበት ወገን፣ ሦስተኛው በቅርቡ ካለው መኖሪያ ወይም ትምህርት ቤት አጠገብ፣ ሰው በሚተነፍስበት ከፍታ፣ ማለትም ከመሬት 1.5 ሜትር ገደማ ላይ ይተከል። የነፋሱን አቅጣጫና ፍጥነት፣ ዝናቡን፣ የመኪኖቹን ምልልስ በየሰዓቱ ያልመዘገበ ሰው፣ ቁጥሩ ለምን ከፍ እንዳለ በኋላ ማስረዳት አይችልም። በክረምት ብቻ የተወሰደ ልኬት የበጋውን አቧራ አይወክልም።

ለአቧራው ከ10 ማይክሮንና ከ2.5 ማይክሮን (1 ማይክሮን የ1 ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) በታች የሆኑት ቅንጣቶች ተለይተው ይለኩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው የ24 ሰዓት መመሪያ በ1 ሜትር ኩብ አየር ለመጀመሪያዎቹ 45፣ ለሁለተኛዎቹ 15 ማይክሮ ግራም ነው። ብርሃን በቅንጣቶቹ ላይ እያበሩ የሚለኩት መሣሪያዎች ፈጣን ቢሆኑም ጭስንና ጉምን እንደ አቧራ ይቆጥራሉ፤ ቆሻሻ በሚጤስበት መድፊያ ይህ ቀላል ስህተት ስላልሆነ፣ ጎን ለጎን በሚመዘን ማጣሪያ መፈተሽ አለባቸው።

የአስቤስቶሱ ናሙና የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፓምፑ አየሩን የሚስበው የፊቱ ክዳን ተነስቶ ወደ ታች በተደፋ የማጣሪያ መያዣ ነው፤ ማጣሪያው 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ሴሉሎስ ኤስተር ከሚባል ቁስ የተሠራ ነው። በደቂቃ 2 ሊትር ለ4 ሰዓት ቢሳብ 480 ሊትር ይሆናል። በዚህ መጠን በ1 ሚሊ ሊትር አየር እስከ 0.01 ክር ድረስ መለካት ይቻላል፤ በጽዱ ክፍል ይህ በቂ ነው። በመድፊያ ግን ማጣሪያው አመድ የተነሰነሰበት መስሎ ይመጣል፤ ክሮቹ ከአቧራው ሥር ስለሚደበቁ በማይክሮስኮፕ የሚቆጥራቸው ባለሙያ ናሙናውን ለመጣል ይገደዳል። ስለዚህ በየሰዓቱ ማጣሪያውን አይቶ፣ መጥቆር ሲጀምር በሌላ መቀየርና ውጤቶቹን በኋላ ማጣመር ይሻላል። የፓምፑ ፍሰት ከሥራው በፊትም በኋላም ይለካ፤ ልዩነቱ ከ10 በመቶ ካለፈ ናሙናው አይያዝ። ከየ10 ማጣሪያው 1፣ በጠቅላላው ግን ከ2 ያላነሰ፣ አየር ያልተሳበበት ባዶ ማጣሪያ አብሮ ይላክ። ማጣሪያዎቹ በመኪና ሲጓዙ ፊታቸው ወደ ላይ ሆኖ፣ ሳይንገጫገጩ ይያዙ።

በተለመደው ማይክሮስኮፕ የሚቆጠሩት ርዝመታቸው ከ5 ማይክሮን የበለጠ፣ ውፍረታቸው ከ3 ማይክሮን ያነሰ፣ ርዝመታቸውም ከውፍረታቸው 3 እጥፍ የበለጠ ክሮች ናቸው። ይህ ማይክሮስኮፕ የአስቤስቶስን ክር ከጥጥ ወይም ከእፅዋት ክር አይለይም፤ በመድፊያ አካባቢ ደግሞ የጨርቅ ብጭቅጫቂ ሞልቷል። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ሲል ያው ማጣሪያ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይመርመር።

ውጤቱን ከአሜሪካው የሥራ ቦታ የአስቤስቶስ ገደብ፣ ከ0.1 ክር በሚሊ ሊትር ጋር ብቻ አነጻጽሮ ደኅና ነው ማለት ለእኔ ተቀባይነት የለውም፤ ያ ልክ በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ አዋቂ የወጣ እንጂ፣ ሌት ተቀን እዚያው ለሚተነፍስ ሕፃን አይደለም። የተሻለው ማነጻጸሪያ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን የተገኘው ቁጥር ነው። ነፋሱ በሚሄድበት ወገን ያለው ቁጥር በግልጽ በልጦ ከተገኘና ክሩ አስቤስቶስ መሆኑ ከተረጋገጠ፣ በዚያ ቦታ ማራገፍ ይቁም፤ ፍርስራሹ ይርጠብ፣ በአፈር ይሸፈን፤ ልኬቱም በዚያው የነፋስ አቅጣጫ እንደገና ይወሰድ።