ፒኤስ 5 ከመግዛታችሁ በፊት ቴሌቪዥናችሁን እዩ

ጅማ መርካቶም ሆነ ፈረንጅ አራዳ፣ ፒኤስ 5 (ፕሌይስቴሽን 5 የተባለውን የጌም ማሽን) ያስገባ ሰው «ግራፊክሱ ያው ነው እኮ!» ሲል እሰማለሁ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ቴሌቪዥኑ ነው። ማሽኑ 4ኬ የሚባል በጣም ጥርት ያለ ምስልና በሰከንድ እስከ 120 ፍሬም (ተከታታይ ምስል) ማውጣት ይችላል። ስክሪናችሁ 60 ኸርዝ ከሆነ ግን (በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ ምስል የሚቀይር ማለት ነው) ከ60 ፍሬም በላይ አታዩም።

ስለዚህ የማሽኑ ሴቲንግ ውስጥ ግቡና «ጌም ፕሪሴት» የሚለውን «ፐርፎርማንስ ሞድ» ላይ አድርጉት። ጌሙ ምርጫውን ከሰጠ፣ የምስሉን ጥራት ትንሽ ቀንሶ እንቅስቃሴውን ያለሰልሰዋል። በተለይ ስክሪናችሁ ፉል ኤችዲ (ጥራቱ ከ4ኬ ያነሰ) ከሆነ የቀነሰው ብዙም አይታወቃችሁም። ቴሌቪዥኑንም «ጌም ሞድ» ላይ አድርጉ። ቁልፉን ተጭናችሁ ተጫዋቹ ኳሷን ዘግይቶ የሚመታው አንዳንዴ ቴሌቪዥኑ ጌም ሞድ ላይ ስላልሆነ ነው፤ ጆይስቲኩን በከንቱ አትውቀሱት።

የማያከራክረው ለውጥ ኤስኤስዲው (ጌሞቹ የሚቀመጡበት ፈጣን ማከማቻ) ነው። ፒኤስ 4 ላይ አንዳንድ ጌም ከፍቶ እስኪጨርስ እኮ ቡና ተፈልቶ አቦል ይቀዳል! እዚህ ላይ ሴኮንዶች ናቸው። ቦታው ግን 825 ጊጋባይት ብቻ ነው (የመጀመሪያው የ2020 እ.ኤ.አ. ሞዴል)፣ ቶሎ ይሞላል። አሮጌውን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አትሽጡት። የፒኤስ 4 ጌሞች ከሱ ላይ ይሠራሉ። የፒኤስ 5 ጌም ግን እዚያ ማስቀመጥ እንጂ መጫወት አይቻልም።