ታማችሁ ከትራያትሎን ልምምድ ስትርቁ የማይደረጉ ነገሮች

ትራያትሎን ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በተከታታይ የሚደረጉበት ስፖርት ነው፤ ከሌላው የሚለየውም አንዱ ሲከለከል ሁለቱ መኖራቸው ነው። የኦሎምፒኩ ርቀት 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ሯጭ እግሩን ከታመመ ቤቱ ይቀመጣል። ትራያትሌት ግን ዋናው አለለት። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው፤ ምንም ቢያመኝ የሚሠራ ነገር አላጣም ይላል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይለይ። የታመመው አንድ ቦታ ነው ወይስ መላ ሰውነት? ጉልበት፣ ትከሻ ወይም ቁርጭምጭሚት ከሆነ ልምምዱን ማዛወር ይቻላል። ትኩሳት ከሆነ ግን ሦስቱም ይቆማሉ።

ትኩሳትን በላብ ለማስወጣት መሞከር

"ትንሽ ሮጥ ሮጥ ልበልና ላብ ሲወጣኝ ይለቀኛል" የሚል ጅማ ውስጥ አይጠፋም። እባካችሁ ተዉት። ሲያተኩሳችሁ ልብ ተኝታችሁም በፍጥነት ይመታል። ትኩሳቱን ያመጣው ቫይረስ ከሆነ ደግሞ የልብ ጡንቻን ሊነካ ይችላል። በዚያ ሰዓት ጠንክሮ መሥራት ለሕይወት ያሰጋል። በእኛ አካባቢ ትኩሳት ሲመጣ መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ላቦራቶሪ ነው፤ ወባ ሊሆን ይችላላ።

ወባ ከሆነ ብዙዎች የማያነሱት አንድ ጉዳይ አለ። ወባ ጣፊያን ያሳብጣል። ያበጠ ጣፊያ ደግሞ ከተመታ ሊቀደድ ይችላል። ስለዚህ ትኩሳቱ ስለለቀቃችሁ ብቻ ብስክሌት ላይ አትውጡ። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የምትወጡ መንገዱን ታውቁታላችሁ። ዳገቱ ያደክማል እንጂ ብዙም አይጥልም። አደጋው ስትመለሱ ቁልቁለቱ ላይ ነው። ባጃጅ ድንገት ይታጠፋል፤ ፍሬን ስትይዙ የፊት ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ የመሪው ጫፍ ዞሮ ግራ ጎናችሁን ይመታል። ጣፊያ ያለው እዚያው፣ በግራ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር ነው። ሐኪም መርምሮ ጣፊያው ወደ መጠኑ ተመልሷል እስኪላችሁ ድረስ በእግር መሄድ ይበቃል።

ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሊመለስ ይችላል። ለጉበቱ የታዘዘ መድኃኒት ካለ፣ ደህና ነኝ ብላችሁ አታቋርጡት።

ሲፕሮ እየወሰዱ መሮጥ

ይሄኛው በጣም ያሳስበኛል። ታይፎይድ ነው ተብሎ ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን) የሚባለውን አንቲባዮቲክ መዋጥ እኛ ዘንድ የተለመደ ነው። አንዳንዱ ሐኪም ሳያየው ፋርማሲ ሄዶ ይገዛል። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዘመዶቹ ግን ጅማትን ሊጎዱ ይችላሉ። በብዛት የሚጠቃው ከተረከዝ በላይ ያለው ወፍራሙ ጅማት ነው፤ ሯጭ በእያንዳንዱ እርምጃ የሚገፋበት ማለት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2008 እነዚህ መድኃኒቶች ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ እንዲይዙ አድርጓል። ጉዳቱ መድኃኒቱ ካለቀ ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ዕድሜው ከ60 ያለፈ ወይም እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ አብሮ የሚወስድ ሰው ይበልጥ ይጋለጣል።

ሲታዘዝላችሁ ስፖርተኛ መሆናችሁን ለሐኪሙ ንገሩት፤ ሌላ የሚሆን መድኃኒት ካለም ጠይቁት። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ። እየወሰዳችሁም፣ ከጨረሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታትም ዳገት ሩጫ፣ ዝላይና ፍጥነት ይቅር። ጠዋት ከአልጋ ስትወርዱ ከተረከዝ በላይ ያለውን በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጋችሁ እዩት። ካመማችሁ ወይም ካበጠ የዚያን ቀን ልምምድ የለም፤ ወደ ሐኪሙ ተመለሱ።

የሩጫውን ሰዓት በሙሉ ብስክሌት ላይ መጫን

የቅልጥም አጥንት ስንጥቅ ለመዳን ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል። ያን ሁሉ የሩጫ ሰዓት ወደ ብስክሌት ያዞረ ሰው ቀጥሎ የሚያመው ጉልበቱ ነው። ግማሹን ብቻ አዛውሩ። ሐኪም ብስክሌት ከፈቀደላችሁም ኮብልስቶን ላይ አትንዱ፤ ንዝረቱ በቀጥታ አጥንቱ ላይ ያርፋል። አስፋልት ወይም ቋሚ ብስክሌት ይሻላል።

ገንዳ የምታገኙ ከሆነ ጭናችሁ መሃል ተንሳፋፊ ይዛችሁ በእጅ ብቻ ዋኙ። ስትዞሩ ግድግዳውን በታመመው እግር አትግፉ። ገንዳ ባይገኝ ግን የአዌቱ ወንዝ አማራጭ አይደለም፤ የከተማውን ቆሻሻ ተሸክሞ ነው የሚያልፈው።

ማስታገሻ ውጦ መውጣት

ዲክሎፌናክ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ ስንጥቁን አያድነውም። ውሃ ሳይጠጡ ለረጅም ሰዓት በሚሠራበት ቀን ከሆነ ደግሞ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

ከምግብ ላይ ቡና

ጅማ ቁጭ ብሎ ስለ ቡና መጥፎ መናገር ከባድ ነው፤ ቡናውን ተዉ አልልም። ግን ወባ ቀይ የደም ሴሎችን ስለሚያፈርስ ከበሽታው በኋላ ደም ማነስ የተለመደ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ደሙ የጎደለ ሰው ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል። ቡናም ሻይም በምስርና በጎመን ውስጥ ያለው አይረን በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል። ቡናውን ከምግብ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቁት። ወጡ ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ ደግሞ ይረዳል።

ያመለጠውን ለማካካስ መሮጥ

ያመለጠ ሳምንት አመለጠ፤ በቀጣዩ ላይ አይደረብም። ሐኪም ሲፈቅድላችሁ በበፊቱ የልምምድ ሰዓት ግማሽ፣ እያወራችሁ በምትችሉት ፍጥነት ጀምሩ። ጠዋት ሳትነሱ የልብ ምታችሁን ቁጠሩ። ጤነኛ ሳላችሁ ከነበረው በደቂቃ 10 ያህል ከበለጠ ያን ቀን እረፉ። ከብስክሌት ወርዶ ወዲያው መሮጥ በመጨረሻ የሚመለስ ልምምድ ነው፤ ሩጫው ለብቻው 30 ደቂቃ ያለ ሕመም ከሄደላችሁ፣ በማግስቱም ምንም ካልተሰማችሁ በኋላ።