ፕለጊን አፕዴት ሳደርግ ነጭ የሆነብኝን ገጽ እንዴት እንደመለስኩት

ቅዳሜ ማታ ደብረ ማርቆስ ቤቴ ቁጭ ብዬ የጮቄ ተራራ ፎቶዎችን ልጭን ስል፣ መጀመሪያ የድረ ገጼን ፕለጊኖች (ተጨማሪ ሥራ እንዲሠራ የሚጫኑበትን ትንንሽ ፕሮግራሞች) አፕዴት ላድርግ አልኩ። ወዲያው ገጼ ነጭ ሆነ። ገጹ የተሠራበት ፕሮግራም፣ የዎርድፕረስ ማስተዳደሪያውም አልከፈት አለኝ። ሦስት ዓመት የጻፍኩት ሁሉ ጠፋ ብዬ ሆዴ ባባ። ደግነቱ ጽሑፉ የሚቀመጠው ዳታቤዝ ውስጥ ነው፤ አልተነካም።

የሆስቲንጉን (ገጼ የተቀመጠበትን አገልግሎት) ፋይል ማኔጀር ከፍቼ «ፕለጊንስ» የሚለውን ፎልደር ስሙን ቀየርኩት። ገጹ ተነሳ! በደስታ ስሙን ወዲያው መለስኩት፤ እንደገና ወደቀ። ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ስሙ እንደተቀየረ ማስተዳደሪያው ውስጥ ገብታችሁ የፕለጊኖቹን ዝርዝር መክፈት አለባችሁ። ዎርድፕረስ ፋይሎቹን ፈልጎ ሲያጣቸው ያኔ ሁሉንም ሥራ ያስቆማቸዋል እንጂ አይሰርዛቸውም። ስሙ የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያ አንድ በአንድ አበራኋቸው። አራተኛው፣ የፎቶ መጠን የሚቀንሰው፣ «ፌታል ኤረር» ብሎ እምቢ አለ። መልእክቱን ረጋ ብዬ ሳነበው ገባኝ፦ አዲሱ ቨርዥን የተጻፈው ለፒኤችፒ 8 ነው (ፒኤችፒ ዎርድፕረስ የተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ ነው)፤ የእኔ ሆስቲንግ ደግሞ ገና 7.4 ላይ ነበር። የ7.4 ድጋፍ እኮ እ.ኤ.አ. በ2022 አብቅቷል! ከኮንትሮል ፓነሉ 8.2ን መረጥኩ፤ ፕለጊኑ ያለ ችግር በራ።

የጮቄን ፎቶዎች መብራት ሳይሄድ ጫንኩ። አሁን መጀመሪያ ባክአፕ አወርዳለሁ፤ አፕዴት የማደርገውም አንድ ፕለጊን ብቻ ነው፣ ገጹን ከፍቼ አይቼ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ።